የሐጂ ቡንያድ አውራ ጣት

ሐጂ ቡንያድ ሞንዶል በገዛ ማንጎ ዛፋቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። የለቀማው ወቅት ደምቆ፣ የጭነት መኪኖቹ መንገዱን ዘግተው የሚጯጯሁበት ሰሞን ነበር። ኢንስፔክተር ማዳቢ ሳንያል ከጂፑ ስትወርድ ግማሹ መንደር አስከሬኑን ከቦ ጭቃውን ያቦካል።

«ሰርግ ነው እንዴ?» ብላ ጮኸች። «ዱካ የሚባል ነገር አታውቁም? ዞር በሉ! ኒታይ፣ እነዚህን ሰዎች አንሳልኝ። አለበለዚያ እኔው በዱላ ነው የማነሳቸው!»

ኒታይ ረዳቷ ነው። ወፍራም፣ ቀስ የሚል፣ በቁጣዋ ስር ብዙ ዓመት ኖሮ ጸጉሩን ያሸበተ ሳጅን። ሰዉን በሆዱ እየገፋ አራቀላት።

ሽማግሌው የተመቱት ማጅራታቸውን ነው። አጠገባቸው ጫፉ ላይ መረብ የታሰረበት ረጅም የማንጎ ማውረጃ ቀርከሃ ለሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ዙሪያቸውን ጥሬ ማንጎ ተበትኗል፤ ከተቀነጠሰበት ጫፍ ወተቱ ገና ይንጠባጠባል። ማዳቢ ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየችው። ገዳዩ ቀርከሃውን ሲያወናጭፍ ዘለላውንም አብሮ መትቶታል። እሷም የዚሁ የማንጎ አገር፣ የማልዳ ልጅ ናት፤ ያ ወተት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ከሕፃንነቷ ታውቃለች። በዕለቱ ምንም አይመስልም፤ በማግስቱ ግን የነካውን ቦታ አቃጥሎ ያጠቁረዋል።

ቀጥሎ ዓይኗ እጃቸው ላይ አረፈ። እጃቸው ጭቃ ለብሷል። ግራ አውራ ጣታቸው የታሰረበት ጨርቅ ግን ንጹሕ ነው፤ አሁን ከሳጥን የወጣ ይመስላል።

«ይሄን ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለች አንዲት ቀጭን ሴት። የሻሿ ጫፍ ተቀዷል። ጆይጉን ትባላለች፤ የሐጂው የሟች ልጅ ሚስት ናት። «ቁርስ ይዤላቸው ስመጣ ነው እንዲህ ሆነው ያገኘኋቸው። ጨርቁ ተፈትቶ እዚያ ጭቃው ላይ ወድቋል። ጣታቸው ራቁቱን ሲሆን አላስቻለኝም፤ ከሻሼ ቀድጄ አሰርኩት።»

«አስከሬን ነካካሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ጤነኛ ነሽ?»

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ማታ ያሰርኩላቸው እኔ ነኝ!» አለች ጆይጉን። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «እጄ ለምዶት ነው።»

«ቆስለው ነበር?»

ከኋላ ኮቢር የሚባል የጎረቤት ሽማግሌ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው አፉን ያዘ። «አላህ ይርሀማቸው። ማዳም፣ አገር ያወቀው ነው። ሐጂ ጣታቸውን እንደ ሙሽራ ሸፍነው ለሰኞ እያቆዩት ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንጎ የሚለቅም ሰው ጣት በዚህ ወቅት ወተቱ በልቶት መስመሩ ይጠፋል። የከተማው የውልና ማስረጃ ቢሮ ደግሞ አሻራ የሚያነብ ማሽን አስገብቷል። ሐጂው ኑዛዜያቸውን አጽፈው ሄደው ጣታቸውን ቢጭኑ፣ ማሽኑ አላውቅህም አላቸው። የቢሮው ሠራተኛ «ቆዳህ ሲድን ተመለስ» ብሎ ለሰኞ ቀጠራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከማንጎ ያልተለየ እጃቸውን ሰብስበው፣ ጣታቸውን በኮኮናት ዘይት አሽተው፣ ጨርቅ ጠምጥመውበት ቀኑን ይጠብቁ ጀመር።

«ምን ነበር የተናዘዙት?»

«ለልጄ ነው» አለች ጆይጉን። «በእኛ ሕግ አጎቷ በሕይወት እያለ የኔ ሺውሊ ከአያቷ አንድ ደረቅ ዛፍ አትወርስም። አባቷ ቀድሞ ሞቷላ! ካልተናዘዙላት በቀር ምንም የላትም። ሐጂ ቤታቸውንና የውሃ ጉድጓዱን ዳር መሬት ሰጧት፤ ከጠቅላላው ሲሶ ነው። ኢማም ኢስሃቅ ጻፈላቸው፣ ያኔ ወደ ቢሮው ከመሄዳቸው በፊት፣ አርብ ከሶላት በኋላ በሰው ፊት አነበበላቸው፣ አዎ አሉ። የቀረው አሻራው ነበር። እሱ ብቻ ነበር የቀረው።» ከዚህ በላይ መናገር አቃታት።

ኒታይ የቀለም ሳጥኑን አመጣ። ቀርከሃው ላይ የሚገኘው አሻራ የሟቹ ይሁን የሌላ ሰው እንዲለይ የሟቹ መወሰድ አለበት። ጨርቁን ፈቶ አስሩንም ጣት አንድ በአንድ ቀብቶ ወረቀት ላይ አተመ። ዘጠኙ ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። አውራ ጣታቸው ግን መስመሩ አንድ ሳይቀር ጥርት አለ።

«ማዳም» አለ ኒታይ ቀስ ብሎ። «ድኖ ነበር እኮ።»

ማዳቢ ወረቀቱን አየችውና ቆሽቷ አረረ። ማንን እንደምትሰድብ ስላጣች ኒታይን ሰደበችው።

*

ቀርከሃው የቢሹ ነው። ቢሹ የሐጂውን የማንጎ አትክልት ፍሬ ገና አበባው ላይ እያለ የገዛ ነጋዴ ነው። ከዚያ በረዶ ወርዶ ግማሹን አረገፈበት። ዋጋ ቀንሱልኝ ቢል ሐጂ ቡንያድ እንቢ ብለውት መንደሩ እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። ማዳቢ መጫኛው ቦታ ስታገኘው በሰናፍጭ ዘይት የተለቀለቀ ባዶ ደረቱን ይዞ በሠራተኞቹ ላይ ይጮሃል።

«ሽማግሌውን ገድለህ ማንጎ ትጭናለህ?»

«እኔ?» ቢሹ ደረቱን መታ። «እሜቴ፣ ሐሰት ከተናገርኩ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ጎህ ከቀደደ ጀምሮ እዚህ ነኝ። ጠይቂያቸው።»

«አንተ የምታበላቸውን ሰዎች ነው የምጠይቀው?»

«ታዲያ ማንጎውን ጠይቂው!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ማዳቢ አልሳቀችም። ክንዱን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። አሮጌ ጠባሳ፣ አዲስ ጠባሳ፣ ዘይት። የዚህ ሰው ቆዳ ምንም አይናገርም።

«ቀርከሃው ያንተ ነው።»

«ሁሉም ቀርከሃ የኔ ነው! በየዛፉ ሥር ተጋድሟል፤ ያሻው ያነሳዋል። ሐጂ ሞቱ ማለት እኔ ከልጃቸው ጋር አዲስ ንትርክ ልጀምር ነው፤ ምን ልጠቀም?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይልቅ ምራትየዋን ጠይቂያት። ጎህ ሲቀድ ወደዚህ ስመጣ በዚያ ሳልፍ ሽማግሌው ላይ ስትጮህ ሰምቻታለሁ። አንጀቷ እስኪበጠስ ነበር የምትጮኸው።»

«ምን እያለች?»

«እሱን አልሰማሁም። የሴት ጩኸት መቼ ይሰማል?»

«የኔ ይሰማሃል?»

«ያንቺማ እስከ ኮልካታ ይሰማል» አለ ቢሹ፤ ይህን ጊዜ ኒታይም ፊቱን አዙሮ ሳቀ።

*

ራፖር ጸሐፊው ኒሺካንቶ ከውልና ማስረጃው ቢሮ በር ላይ የቆርቆሮ ጠረጴዛ ዘርግቶ ይውላል። መነጽሩን በክር አንጠልጥሏል፤ ጆሮው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ማዳቢን ሲያይ ብድግ አለ።

«ሐጂ ቡንያድ አንተ ዘንድ መጥተው ነበር?»

«እንዴታ! እኔ ነኝ ያማከርኳቸው። ተራ ወረቀት ይዘው መጡ፤ ኢማሙ የጻፈው። ፊርማ የለ፣ አሻራ የለ። ‹አባባ፣ ይሄ የሽንኩርት መጠቅለያ ነው› አልኳቸው። ያለ አሻራ ኑዛዜ የለም!»

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማን ያልጠየቀኝ አለ? ነጋዴው ቢሹ ጠየቀኝ። ልጃቸው ቶፋዝል ጠየቀኝ። ያቺ ምራታቸውም እያለቀሰች መጥታ ጠየቀችኝ። ለሁሉም ያልኩት አንድ ነው፤ ሰኞ ጣታቸው ካረፈበት ሕግ ነው፣ ሳያርፍበት ቢሞቱ የሽንኩርት መጠቅለያ ነው።»

«ለሁሉም አስከፈልካቸው?»

«ምክር እኮ ነው ማዳም» አለ ኒሺካንቶ ቅር ብሎት።

ማዳቢ ጂፑ ውስጥ ገብታ በሩን እንዲያ ስትዘጋው መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ኒታይ ሞተር ሳያስነሳ ጠበቃት። ሲያውቃት በር እንዲህ ስትዘጋ አንድ ነገር ይዛለች ማለት ነው።

«ያን ጨርቅ ገዳዩ ለምን ፈታው ኒታይ? ገድሎ መሮጥ ሲገባው፣ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌ ጣት የሚፈታው ምን ሰበብ ቢኖረው ነው?»

«ሊሰርቅ ይሆን? ቀለበት መስሎት?»

«አውራ ጣት ላይ ቀለበት? ቀለም ነው የፈለገው! ወረቀቱ ላይ በጣታቸው ፈርመው እንደሆነ ሊያይ ነው። ጣታቸው ላይ ቀለም ካለ ሐጂን መግደሉ ከንቱ ነው። ንጹሕ ከሆነ ግን ከሰኞ ቀድሟል። ይሄ የኑዛዜውን አለመፈረም አጥብቆ የሚፈልግ ሰው ነው።»

«ታዲያ ቶፋዝል ነዋ» አለ ኒታይ።

«ወይም ቢሹ። ከሕፃን ልጅ አሳዳጊ ጋር ውል ማደስ አልፈልግም ያለ እንደሆነስ? መጠርጠር ቀላል ነው፤ አንተም ችለሃል። ሂድና የቶፋዝልን ጠዋት አጣራልኝ።»

*

ሬሳው ተመርምሮ ቅዳሜውኑ አመሻሽ ላይ ተቀበረ። እሑድ ጠዋት ማዳቢ ሐጂው ቤት ስትደርስ ግቢው መሃል ድስት፣ ምንጣፍ፣ የልጅ ደብተር ቦርሳ ተወርውሯል። አሥራ አንድ ዓመት የማይሞላት ሺውሊ ቦርሳዋን ታቅፋ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። አጎቷን ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።

ቶፋዝል ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጸጉሩን በዘይት ያስተኛ ሰው ነው፤ ከተማ ውስጥ የስልክ ጥገና ሱቅ አለው። ኢንስፔክተሯን ሲያይ ወንበር ሊያመጣ ሮጠ።

«ይቀመጡ ማዳም። ሐዘን ቤት ስለሆነ ነው፣ አይፍረዱብን።»

«ይሄ ሐዘን ነው?» ድስቱን በእግሯ ጠቆመች። «አባትህ አፈር እንኳ ሳይደርቅባቸው?»

«ቤቱ የኔ ነው። ሕጉ ነው፤ እኔ አይደለሁም ያወጣሁት። ለሷም በሰላም ወደ ወንድሞችሽ ሂጂ ብያታለሁ።» ወደ ጆይጉን ዞረ። «አላልኩሽም?»

«ወንድም ጋሼ፣ የወንድምህ ልጅ ናት» አለች ጆይጉን። «ከነቦርሳዋ ጣልካት እኮ።»

«አባቴን ጨቅጭቀሽ ነው የገደልሽው! ማዳም፣ ቢሹን ይጠይቁት። ቅዳሜ ጠዋት ስትጮህባቸው ሰምቷል። እፈርማለሁ አልፈርምም ሲሉ ተናዳ—»

«ጮሄያለሁ!» አለች ጆይጉን፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «አዎ ጮሄያለሁ! ቁርሳቸውን ላመጣ ከመሄዴ በፊት፣ ከዛፍ የወረደ ፋዝሊ ማንጎ አይተው አላስችል ብሏቸው በግራ እጃቸው ሊያነሱ ሲሉ ነው! ‹አባባ ጣትዎን! ሁለት ቀን ነው የቀረው፣ ጣትዎን!› ብዬ ነው የጮኹት! እሳቸው ሳቁብኝ። ‹የኔ ልጅ፣ ጣቴን ከኔ በላይ ወደድሽው› አሉኝ።» አፏን በሻሿ ጠቅጥቃ ዞረች። ሺውሊ ተነስታ እናቷን ከኋላ አቀፈቻት።

ማዳቢ ጥርሷን ነክሳ ቶፋዝልን አየችው። «አንተስ ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ሱቄ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። የዘንድሮ ለቀማ ከጀመረ አትክልቱን ረግጬው አላውቅም፤ ያ ወተት አይስማማኝም።»

«አንገትህ ላይ ያለው ምንድነው?»

እጁ ወዲያው ወደ አንገቱ ሄደ። ከጆሮው ሥር እስከ ኮሌታው ሦስት አራት ጥቋቁር ነጠብጣብ ወርዷል፤ ዳርና ዳሩ ቀልቷል። «ብየዳ ነው። ስልክ ስበይድ ይፈናጠራል።»

«አንገትህ ላይ? ስልኩን ከኋላህ አዝለኸው ነው የምትበይደው?»

በዚህ መሃል ኢማም ኢስሃቅ በበሩ ገባ፤ ሰላምታ ሳያስቀድም በቀጥታ ወደ እሷ መጣ። ሽማግሌ ነው፣ እሱም ተናዷል።

«እህቴ፣ የሐጂን ጣት ምን ነበር የቀባችሁት? ሬንጅ ነው? ሬሳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። በሳሙና ሞከርኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ እንቢ አለኝ! ሰው በጥቁር እጅ ጌታው ፊት ይቀርባል?»

«የአሻራ ቀለም ነው ጋሼ። ይቅርታ።»

«ይቅርታው ለሳቸው ነበር» አለ ኢማሙ። «ከኔና ከኮቢር በቀር ያገዘኝም የለ። የወለዱት ልጅ እንኳ ሬሳ አልወድም ብሎ ከተከፈኑ በኋላ ነው የገባው።»

ቶፋዝል ወደ መሬት አየ። ሲወጡ ኒታይ በማዳቢ ጆሮ ሥር «ሱቁን አጣራሁ» አላት። «ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነበር፤ ሬዲዮው ሲጮህ ነበር። እሱን በዓይኑ ያየ ግን አንድ ሰው አላገኘሁም። ሻይ ያመጣለት ሰውዬ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄዶ፣ ሲመለስ እንደ ሞላ ነው ያገኘው።»

«ሁሉንም ወደ ጣቢያ ጥራልኝ» አለች። «ኢማሙንም ጨምር።»

*

ጣቢያው ውስጥ የጣሪያው ማራገቢያ ሙቀቱን ከማዞር በቀር ምንም አይሠራም። ቢሹ፣ ቶፋዝል፣ ጆይጉንና ኢማሙ በአንድ አግዳሚ ተደርድረዋል። ማዳቢ ያንን ወረቀት ከጆይጉን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በኢማሙ የተስተካከለ እጅ የተጻፈ ነው፤ ከታች የአሻራው ቦታ ባዶ ነው።

«ቢሹ፣ ይህ ወረቀት ቢጸና አንተ ምን ትሆናለህ?»

«ምንም። ማንም ይውረሰው፣ ማንጎው የኔ ነው፤ ከፍዬበታለሁ። ለዘንድሮ ማንም አይነካብኝም።»

«ቶፋዝል፣ አንተስ?»

«የሌለ ነገር አይጸናም» አለ ቶፋዝል ፈገግ ብሎ። «አልተፈረመም።»

«እሱን ነው እርግጠኛ መሆን ያቃተኝ» አለች ማዳቢ። ተነስታ በዝግታ ከኋላቸው ተመላለሰች፤ እንዲህ ስታደርግ ኒታይ ብቻ ነው ቁጣዋን እንዴት አድርጋ እንደያዘችው የሚያውቅ። «እኔ እንደሚመስለኝ ሐጂ ሞኝ አልነበሩም። ሰኞን ይጠብቃሉ ብላችሁ ሁላችሁም ስታወሩ፣ እሳቸው ምናልባት ቀድመው ሌላ ቅጂ ላይ ጣታቸውን አሳርፈዋል። ጨርቁንም ያሰሩት ቀለሙ እንዳይታይ ነው። ነገ ውልና ማስረጃ ሄጄ ብጠይቅ—»

«ውሸት ነው!» ቶፋዝል ብድግ አለ። «ምንም አልፈረመም! ጣቱ ንጹሕ ነበር፣ አንዲት ጠብታ ቀለም አልነበረበትም!»

ማራገቢያው ሲንቋቋ ተሰማ።

«መቼ አየኸው?» አለች ማዳቢ።

«ሲ... ሲታጠብ።»

«ስታጥብ አልነበርክም» አለ ኢማም ኢስሃቅ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው፤ እያንዳንዱ ቃል እየከበደው። «ብትገባም ኖሮ ጥቁር ነበር። እስከ መቃብር ጥቁር ነበር። እኔ እኮ ነኝ ያሸሁት።»

«ኒታይ እስኪቀባው ድረስ የሐጂን ጣት ራቁቱን ያየው ሁለት ሰው ነው» አለች ማዳቢ። «አንዷ ያሰረችው። ሌላው የፈታው። የአንገትህን ብየዳ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ፤ ብየዳና የማንጎ ወተት ይለያል፣ እኔም እለያለሁ። አንተ አባትህን ገድለህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ጣታቸውን ፈትተህ አየህ?»

ቶፋዝል መጀመሪያ አለቀሰ። ከዚያ ለቅሶው ወደ ንዴት ተለወጠበት። የጡብ ፋብሪካ ሊሠራ የሚፈልግ ገዢ ማግኘቱን፣ ገዢው ያለ ጉድጓዱ ዳር አልገዛም ማለቱን፣ አባቱን ለምኖ ለምኖ መድከሙን እየጮኸ ተናገረ። «ለሷ ጣቱን ሲያስር፣ ሲያሽ፣ ሲንከባከብ! እኔ ስታመም እጄን ነክቶኝ ያውቃል? ‹አባባ ተወው› አልኩት። ‹ሰኞ ያልቃል› አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ።»

ጆይጉን ልትተፋበት ስትነሳ ኢማሙ ያዛት።

ኒታይ ካቴናውን ሲያስገባለት ቶፋዝል አንገቱን ቀና አደረገ። ፊቱ ላይ እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። «ይሁን፣ እሰሩኝ። ያ ወረቀት ግን ያው ሽንኩርት መጠቅለያ ነው። ቤቱ የኔ ነው፤ እስር ቤት ሆኜም የኔ ነው። ገዢው አለ፣ እሸጠዋለሁ። ልጅቷን ከነቦርሳዋ አስወጣታለሁ።»

ማዳቢን ቅጥል ያደረጋት ገዳይነቱ ሳይሆን ይሄ ነው። ምክንያቱም እሷም እውነቱን መስሏታል። ወንጀለኛውን ይዛ፣ ልጅቷን ግን ባዶ እጇን ልትሰዳት ነው።

*

ዐቃቤ ሕግ ኦኒማ እሑድ ከሰዓት ጓሮዋ ዓሣ እየሰነጠቀች ነበር። ማዳቢ ቆማ ነገሩን ስትነግራት ቢላዋዋን አላቆመችም።

«ሟቹ ሙስሊም ናቸው?»

«አዎ።»

«ከሲሶ አላለፉም?»

«ልክ ሲሶ ነው። ግን ፊርማው—»

«ሲናገሩ የሰማ አለ?»

«ኢማሙና ሁለት ሰዎች። ተነብቦላቸው አዎ ብለዋል። ግን እኮ አልፈረሙም፣ እትዬ ኦኒማ።»

«ምን ፊርማ ፊርማ ትይብኛለሽ?» ዐቃቤ ሕጓ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ለኔና ላንቺ፣ ለሂንዱዎቹ ነው ፊርማና ሁለት ምስክር ግድ የሚሆነው። ለነሱ ሕግ ኑዛዜ ፊርማ አይሻም። አሻራ አይሻም። ወረቀት ራሱ ባይኖር፣ ሰውዬው አስቦ መናገሩ ከተረጋገጠ በቂ ነው። ይሄ ኑዛዜ ያን አርብ በሰው ፊት አዎ ያሉ ጊዜ አልቋል።»

ማዳቢ ትንሽ ቆይታ ነው የገባት። «አልቋል?»

«አልቋል። ደግሞም ገዳይ የገደለውን አይወርስም፤ በሸሪዓቸው የታወቀ ነው። ልጁ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ከሦስቱ ሁለቱ እጅ የሱ ነበር።»

«ታዲያ ያን ሽማግሌ ያ ሁሉ ቢሮ ለምን አመላለሳቸው? ማሽን ላይ ለምን አስጫኗቸው? ‹አባባ፣ አያስፈልግዎትም፣ ሄደው ማንጎዎን ይልቀሙ› የሚል አንድ ሰው ጠፋ?»

ኦኒማ እጇን ታጠበች። «መመዝገብ ክርክር ይቀንሳል። ግን እንደሱ ብሎ የሚነግራቸው አልነበረም። የማያስፈልግ ነው ካሉ ኒሺካንቶ ምን ይበላል?»

ማዳቢ ተመልሳ ወደ እስር ክፍሉ ገባች። ቶፋዝል ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ አንድም ቃል ሳትቀንስ፣ ሳትጮህም። ስለዚያ አርብ ነገረችው። ስለ ጣቱ ነገረችው። ሁለቱ እጅ የሱ እንደነበረም ነገረችው።

«ኒሺካንቶ እኮ...» አለ ቶፋዝል። «ኒሺካንቶ እንዲህ አላለኝም።»

«አላለህም። አንተም ከሱ በቀር ማንንም አልጠየቅህም። አባትህን ከገደልካቸው በኋላ ያየኸው ያ ጣት ቀለም ኖረው አልኖረው ምንም አልነበረም።»

ቶፋዝል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ማዳቢ በሩን ቆለፈች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም።

*

ሰኞ ጠዋት፣ ያ ሐጂ ቡንያድ የተቀጠሩበት ሰኞ፣ ማዳቢ ጆይጉንን በጂፑ ይዛት ወደ ውልና ማስረጃው ሄደች። የሟቹ ወረቀትና የምስክሮቹ ቃል ተያይዞ ሊመዘገብ ነው። መንገድ ላይ ሁሉንም ነገር ነገረቻት።

ጆይጉን ወደ እሷ ዞረች። «ያኔ አርብ ዕለት አልቆ ነበር?»

«አልቆ ነበር።»

«ማሰሪያውም አያስፈልግም ነበር?»

«አያስፈልግም ነበር።»

«ሰኞን ባይጠብቁ፣ ቶፋዝልም ሰኞን ባይቀድም...» አልጨረሰችውም። «አንድ ሰው ቢነግረን ኖሮ ዛሬ ማንጎ እየለቀሙ ነበር» አለች።

ቢሮው በር ላይ ሰልፍ አለ። ራፖር ጸሐፊው ኒሺካንቶ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰልፉ መሃል ያ ቅዳሜ የሳቀው ሽማግሌ ኮቢር ቆሟል፤ ግራ አውራ ጣቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ከኋላው ሌላ ሽማግሌ አለ፤ የሱም ተጠቅልሏል። የሐጂን ብልሃት ቀድተዋል።

ጆይጉን ቆመች። ማዳቢ እጇን ልትይዛት ስትል አመለጠቻት። ኮቢር ፊት ሄዳ ጣቱን ያዘችና ጨርቁን ትፈታ ጀመር።

«ኧረ ልጄ! ምን ሆነሻል? ለቀጠሮዬ ቀን የማቆየው ነው!»

«አባባ ኮቢር፣ ለማን ነው የሚናዘዙት?»

«ለሴት ልጄ ልጅ ነዋ፤ አሳድጌዋለሁ—»

«ምን?»

«የቤቱን ጀርባ። ትንሿን ቦታ። ከሲሶም አትደርስ።»

«ጮክ ብለው ይናገሩ። እዚህ ሁሉም ሰው ይስማ።»

ኮቢር ግራ ገብቶት ማዳቢን አያት። ማዳቢ አንገቷን ነቀነቀች። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ስሙን፣ የልጁን ስም፣ ቦታውን።

«ሰምተናል?» አለች ጆይጉን ወደ ሰልፉ ዞራ።

«ሰምተናል» አሉ ሰዎቹ፤ መጀመሪያ ጥቂቶች፣ ከዚያ ሁሉም።

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ማዳቢ። «ስሜን ጻፉት። ሄደው ማንጎዎን ይልቀሙ።»

ከሰልፉ ጫፍ ግንባሯ ላይ የሂንዱዎቹን ቀይ የቀባች አሮጊት «እኔስ?» አለች። «ላንቺ ፊርማና ሁለት ምስክር ግድ ነው እናቴ» አለቻት ማዳቢ። «ግን ለዚህ ሰውዬ ሰባራ ሳንቲም አትክፈዪ። ምስክሮቹን እኔ አመጣልሻለሁ።»

ኒሺካንቶ ከወንበሩ ተነስቶ ነበር። «ማዳም፣ ይሄ ሥርዓት አይደለም! ሰው እንጀራውን—»

«ቁጭ በል!» አለችው፤ ቁጭ አለ።

ጆይጉን የኮቢርን ጨርቅ በመዳፏ ጠቅልላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። እስክሪብቶዎቹ መሃል አስቀመጠችለት።

«ሽንኩርትህን ጠቅልልበት» አለችው።